ስፈታ ፈታ እላለሁ፦ ለምንም የማይሆን ነገር የምትነካኩ እስኪ እጅ አውጡ

ብሎን_ፈታሁ (ማክሰኞ፣ ማታ 3፡40)

ሰላም ለዚህ ቤት።

ሦስት ማታ ሙሉ አንድ የልጆች መጫወቻ ፒያኖ ላይ ተደፍቼ አመሸሁ። በሦስት ትንንሽ ባትሪ የሚሠራ ነው። ግማሹ ቁልፍ አይሠራም፣ ልጆቹም ካደጉ ቆይተዋል። ሊጣል ካርቶን ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ካቻቪቴ ደግሞ እጄ ላይ ነበረች። በቃ፣ ፈታሁት።

ውስጡ አንዲት አረንጓዴ ሰሌዳና አንድ ስፒከር አለ። ሰሌዳዋ መሃል ላይ የሬንጅ ጠብታ የሚመስል ጥቁር ነገር ተለጥፏል፣ ቺፑ እሱ ሥር ነው የተደበቀው። አንዱን ቁልፍ በግራ እጄ ተጭኜ፣ የቀኝ ጣቴን በምራቅ አርጥቤ ሰሌዳውን ከጀርባው ነካ ነካ አደረግኩት። አብዛኛው ቦታ ምንም የለም። አንድ ቦታ ላይ ግን ድምፁ ሽቅብ ተፈተለከ። ጣቴን ጫን ሳደርገው ይቀጥናል፣ ላላ ሳደርገው ይወፍራል። ብቻዬን ቤት ውስጥ ጮህኩ።

ተአምር አይደለም። የቺፑን ፍጥነት የሚወስን አንድ ሬዚስተር (የኤሌክትሪክን ፍሰት የሚገታ ትንሽ እቃ) አለ። እርጥብ ጣት ኤሌክትሪክ በጥቂቱ ያሳልፋል። ጣቴ ከሬዚስተሩ ጎን እንደ ሁለተኛ መንገድ ሆኖ ገባ ማለት ነው። መንገዱ ሲሰፋ ቺፑ ይፈጥናል፣ ሲፈጥን ድምፁ ይቀጥናል። ይህን የተረዳሁት ግን በማግስቱ ነው። ያን ማታ የማውቀው ፒያኖው ሲኮረኮር እንደሚስቅ ብቻ ነበር።

ሁለተኛው ማታ ሬዚስተሩን ነቅዬ በቦታው የብርሃን ሴንሰር አስገባሁ። ብርሃን ሲያርፍበት ያሳልፋል፣ ሲጨልምበት ይከለክላል። መብራት ሥር ሳስጠጋው ቺፑ ቀወሰ፣ ጥርርርር ብቻ። ባትሪ ነቅዬ መልሼ ከተትኩ። ከሴንሰሩ ጋር በተከታታይ አንድ ሬዚስተር ጨመርኩለትና ረጋ። አሁን እጄን ከላዩ ሳመላልስ እንደ ድመት ያላዝናል።

ወንድሜ ገብቶ አየኝና "ለምን ይጠቅማል?" አለኝ። መልስ አጣሁ። ግን ከዓመት ወዲህ ሰዓት ሳላይ ያመሸሁበት ነገር ይሄ ብቻ ነው። ሥራ ቦታ ብሳሳት ስብሰባ ይጠራል። እዚህ ብሳሳት ድመቷ ዝም ትላለች።

እናንተስ? ማንም የማይጠብቀው፣ ለምንም የማይሆን ነገር የምትነካኩ አላችሁ?

ቴስተር (ማክሰኞ፣ ማታ 3፡58)

እጄ ወጥቷል። ሁለቱም።

ለወንድምህ ንገረው፣ ያደረግከው ነገር ስም ሁሉ አለው። "ሰርኪት ቤንዲንግ" ይሉታል። ሪድ ጋዛላ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ገና ጎረምሳ ሳለ፣ ክዳኑ የወለቀ ትንሽ አምፕሊፋየር መሳቢያው ውስጥ ከብረት ጋር ተነካክቶ በራሱ ማንቋረር ጀመረ። ሌላ ሰው ቢሆን "ተበላሸ" ብሎ ይጥለዋል። እሱ ግን በአጋጣሚ የሆነውን ሆን ብሎ ማድረግ ያዘ።

ተግባር_ይቅደም (ማክሰኞ፣ ማታ 4፡05)

ወንድሜ፣ ቪዲዮ ቀርጸህ ልቀቀው። እንደ ድመት የሚያላዝን ፒያኖ ተመልካች አያጣም። ካልሆነም ሰርቲፊኬት የሚያሰጥ ኮርስ ውሰድበት። ሦስት ማታ እኮ ቀላል አይደለም። በዚህ ዘመን ጊዜ ዝም ብሎ አይበተንም።

ብሎን_ፈታሁ (ማክሰኞ፣ ማታ 4፡07)

ይኸው መጣ። ጠብቄህ ነበር እኮ።

ልቃቂት (ማክሰኞ፣ ማታ 5፡20)

ተግባር_ይቅደም፣ ያልከውን አድርጌ ያየሁት እኔ ነኝ። ላውጋህ።

ኪሮሽ እሠራ ነበር። አሻንጉሊት። ንድፍ የሚባል አላይም። ጆሮው ሲረዝም ጥንቸል ይሆናል፣ አፍንጫው ሲረዝም ዝሆን። ሁለቱም የረዘሙ ቀን ስም የሌለው አውሬ ተወለደ። ከዚያ አንዷ ጓደኛዬ "ለእህቴ ልጅ ሥሪልኝ፣ እከፍላለሁ" አለች። ቀጥሎ አምስት ሰው መጣ። ቀጥሎ ሠላሳ። ሁሉም የሚፈልገው ጥንቸሏን ነው። ያቺኑ ጥንቸል፣ በሮዝ። አውሬውን የጠየቀ አንድም ሰው የለም። በስምንተኛው ወር እጄ ጥንቸሏን በቃሉ ይዟታል፣ እኔ አላስፈልግም። አንድ ቀን አንዲት ደንበኛ "ግራ ጆሮዋ ከቀኙ በአንድ ረድፍ ያንሳል" ብላ ፎቶ ላከችልኝ። ቆጠርኩት። እውነቷን ነው። ኪሮሹን መሳቢያ ውስጥ ከትቼ ሁለት ዓመት ሙሉ አልነካሁትም።

አሁን ተመልሻለሁ፣ ግን በአንድ ሕግ። ያለኝ አንድ ልቃቂት ክር ብቻ ነው፣ ግራጫ። ያሰኘኝን እሠራበታለሁ፣ ሲያልቅ ጫፉን ስቤ እፈታዋለሁ። ሲፈታ ትርርርር የሚል ድምፅ አለው፣ እሱን ለመስማት ስል የምጨርስበት ቀን አለ። ክሩ ተፈትቶ ተፈትቶ ጸጉር አውጥቷል። ቀጥ ማለትም ትቷል፣ እንደ ስፕሪንግ ተጠቅልሎ ይቀራል። ባለፈው ሳምንት ኮፍያ ነበር። ዛሬ ስድስት ጣት ያለው ጓንት ነው። "ለማን ነው?" የሚለኝ የለም፣ ነገ የለማ።

ተግባር_ይቅደም (ማክሰኞ፣ ማታ 5፡31)

እሺ እህቴ፣ ግን ገንዘቡ አልጠቀመሽም?

ልቃቂት (ማክሰኞ፣ ማታ 5፡33)

ጠቅሞኛል፣ አልዋሽም። ኪራይ ከፍያለሁበት። ብቻ አሻንጉሊቱን ብቻ የምሸጥ መስሎኝ ነበር።

የግርጌ_ማስታወሻ (ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡15)

ልቃቂት ያለችው ነገር በሙከራ የታየ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪንና ሪቻርድ ኒስቤት እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተሙት ጥናት አለ። ከ3 እስከ 5 ዓመት የሆናቸው፣ በማርከር መሳል የሚወዱ ልጆችን ወሰዱ። ለአንዱ ቡድን "ብትስሉልን ሽልማት አለ" ተባለ። ሽልማቱ ወርቃማ ማኅተምና ጥብጣብ ያለው ወረቀት ነው። ሁለተኛው ቡድን ሳይነገረው ስሎ ሲጨርስ ተሰጠው። ሦስተኛው ምንም አላገኘም። ከሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላ ማርከሮቹ እንደገና ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ፣ የፈለገ ይሳል፣ ያልፈለገ ይተው ተባለ። አስቀድሞ ሽልማት ቃል የተገባላቸው ልጆች በመሳል ያሳለፉት ጊዜ የሌሎቹን ግማሽ ያህል ብቻ ሆነ።

ልብ በሉ፣ ድንገት የተሸለሙት ልጆች ፍቅራቸው አልቀነሰም። ስለዚህ ጉዳዩ ወረቀቷ አይደለችም። "ይህን የማደርገው ለዚያ ነው" የሚለው ስምምነት ነው።

ቅጂ_አለኝ (ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡02)

የፋይንማንን ሳህን ሳናነሳ አናልፍም። የፊዚክስ ሊቁ ሪቻርድ ፋይንማን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር ደርቆ ነበር። ሐሳብ አልመጣ አለው። በመጨረሻ ይቅር፣ ድሮ በፊዚክስ እጫወት ነበር፣ አሁንም ልጫወት አለ። በዚያው ሰሞን ካፍቴሪያ ውስጥ አንድ ሰው ሳህን ወደ ላይ ሲወረውር አየ። ሳህኑ እየተሽከረከረ ይንገዳገዳል። ላዩ ላይ ያለው የዩኒቨርሲቲው ቀይ አርማ የሚዞርበትና ሳህኑ የሚንገዳገድበት ፍጥነት ይለያያል። ለምን? ቁጭ ብሎ አሰላው። ለባልደረባው ለፊዚክስ ሊቁ ሃንስ ቤታ ሲያሳየው ቤታ ጥቅሙ ምንድን ነው አለው። ምንም ጥቅም የለውም፣ ደስ ስላለኝ ነው አለ። ከዚያ እየተጫወተ ወደ ኤሌክትሮን ተሻገረና እ.ኤ.አ. በ1965 ኖቤል ተሸለመበት።

እንቅልፍ_የለሽ (ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡20)

ይቅርታ ቅጂ_አለኝ፣ ይሄ ታሪክ ያናድደኛል። ሁሌ መጨረሻው ላይ ኖቤል ያለበትን ነው የምታወሩት። ኖቤል ባያመጣስ ሳህኑ ከንቱ ነበር? ይኸው "ለምን ይጠቅማል" የሚለውን ጥያቄ በበር አስወጥታችሁ በመስኮት አስገባችሁት። ተግባር_ይቅደም ቢያንስ በግልጽ ነው የሚናገረው።

ሁለት ልጆች አሉኝ። ሲተኙ ሃያ ደቂቃ ታክል አገኛለሁ። በዚያች ሃያ ደቂቃ የወረቀት አውሮፕላን አጥፌ በኮሪደሩ እለቃለሁ። አፍንጫው ላይ አንዲት ወረቀት መያዣ ሽቦ ስሰካበት ሩቅ ይሄዳል። ሁለት ስሰካ በግንባሩ ይተከላል። የክንፉን ጀርባ በጥፍሬ ትንሽ ወደ ላይ ሳጎብጥ ደግሞ ሁለት ሽቦ ተሸክሞም ይንሳፈፋል። ይህን እያወቅኩት ነው የምተኛው። የትም አያደርሰኝም፣ ኮሪደሩ ራሱ አጭር ነው።

ቅጂ_አለኝ (ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡26)

ተቀጣሁ። እውነትሽን ነው።

የግርጌ_ማስታወሻ (ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡10)

ለመረጃ ያህል፦ ፋይንማን ከብዙ ዓመት በኋላ ትዝታውን ሲያወጋ ቁጥሩን ገልብጦታል። አርማው ሁለቴ ሲዞር ሳህኑ አንዴ ይንገዳገዳል አለ። ትክክሉ ተቃራኒው ነው። ጠፍጣፋ ሳህን አንድ ዙር ሲዞር ሁለት ጊዜ ገደማ ነው የሚንገዳገደው።

ቴስተር (ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡12)

እርግጠኛ ነህ? ማታ እወረውራለሁ።

ጀማሪው (ረቡዕ፣ ቀን 7፡45)

ጥያቄ አለኝ፣ እንዳትስቁብኝ። እንደናንተ ነካ ነካ ማድረግ ያምረኛል፣ ግን አልጀምርም። መጀመሪያ ቪዲዮ አያለሁ። ከዚያ የመሣሪያ ዝርዝር እጽፋለሁ። ከዚያ የትኛው መበየጃ ይሻላል የሚል ክርክር ሳነብ ይመሻል። ሳላበላሽ እንዴት ልጀምር?

ብሎን_ፈታሁ (ረቡዕ፣ ቀን 8፡01)

ከሞተ ነገር ጀምር። የሞተን ማን ይገድለዋል? የማይበራ ሪሞት፣ የማይነፍስ ፋን፣ የተጣለ ማውስ። ለመጠገን ብለህ ግን አትክፈተው። ለማየት ክፈተው። ለመጠገን ካልክ ባይሳካስ የሚለው ይመጣል።

ጋሽ_መነጽር (ረቡዕ፣ ቀን 9፡30)

ልጆቼ፣ ስታወሩ ደስ ትላላችሁ። እኔ ሠላሳ ዓመት ቴሌቪዥን ጠግኛለሁ። አንድ ነገር ልናገር።

ከጭንቀት ነፃ ማለት ከጥንቃቄ ነፃ ማለት አይደለም። ባትሪ ያለው መጫወቻ ላይ እርጥብ ጣት ማሳረፍ ጨዋታ ነው። ግድግዳ ላይ የሚሰካ ነገር ላይ ግን ምራቅህን ዋጠው። ማይክሮዌቭ ተነቅሎም ውስጡ ያለው ካፓሲተር ሰው የሚገድል ቮልት ይዞ ሊቆይ ይችላል። የድሮው ባለ ቱቦ ቀለም ቴሌቪዥን ቱቦው ከ20 ሺህ ቮልት በላይ ይሸከም ነበር፣ ከጠፋም በኋላ አይረሳውም። እኔን አንዴ ከወንበሬ አንስቶ አስቀምጦኛል። ያበጠ የስልክ ባትሪም አይወጋም፣ አይታጠፍም። ጀማሪው ልጄ፣ ዝርዝርህን ቅደደውና ይህችን ብቻ ያዝ፦ ባትሪ፣ እሱም ትንንሹ።

ሌላው ደግሞ። ሠላሳ ዓመት ስከፍት ኖሬ ውስጡን አይቼው አላውቅም ብላችሁ ታምናላችሁ? ደንበኛው አንገቴ ላይ ቆሞ "መቼ ይደርሳል?" ይለኛል። የተቃጠለውን አገኛለሁ፣ እቀይራለሁ፣ እዘጋለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጠረጴዛዬ ላይ መሥራት ያቆመ የግድግዳ ሰዓት አለ። ፈትቼ ገጥሜዋለሁ፣ አራት ጊዜ። ሊሠራልኝ ይችል ነበር፣ የላላች አንዲት ጥርሳማ ጎማ ናት። አላጠበቅኳትም። ከሠራ ሰዓት ሆኖ ግድግዳ ላይ ይሰቀልብኛል።

ብሎን_ፈታሁ (ረቡዕ፣ ቀን 9፡41)

ጋሼ፣ እጅ ነሳሁ። የሰዓቱን ውስጥ ፎቶ ቢልኩልን?

ጋሽ_መነጽር (ረቡዕ፣ ቀን 9፡55)

ፎቶ መላክ የልጅ ልጄ ስትመጣ ነው።

ቅጂ_አለኝ (ረቡዕ፣ ቀን 11፡10)

ጋሽ መነጽር "ትንንሹ ባትሪ" ያሉት ለኛ ለኮምፒውተር ሰዎችም ይሠራል። ለሥራ የምጽፈውን ፕሮግራም ስነካ እጄ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ኮምፒውተሬ ውስጥ "ቢበላሽም_ግድ_የለም" የሚል ፎልደር አለ። የሥራውን ቅጂ እዚያ እጥላለሁና እገባበታለሁ። ይህን መስመር ባጠፋው ምን ይሆናል? ቁጥሩን መቶ እጥፍ ባደርገውስ? አንዴ የሰዓት ማሳያ ፕሮግራም ወደ ኋላ እንዲቆጥር አደረግኩት። ከዚያ ደቂቃው ሰባ ሰከንድ እንዲሆን። ግማሽ ቀን በሰባ ሰከንድ ደቂቃ ኖርኩ። ስብሰባ አመለጠኝ፣ እሱ እንኳ ቅጂ አልነበረውም።

ሙሉ ሲስተም ማፍረስ የሚያምረው ደግሞ ቨርቹዋል ማሽን (ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የተሠራ ሌላ ኮምፒውተር) ላይ ይጫን። ከማፍረሱ በፊት ስናፕሾት፣ ማለትም ያለበትን ሁኔታ የሚያስቀር ቅጂ፣ ይያዝ። አፍርሶ፣ ስቆ፣ በአንድ ክሊክ ይመለሳል። ግድ የለሽነት ራሱ እንዲህ ቀድሞ ካልተዘጋጀለት አይመጣም፣ ለእኔ ቢያንስ።

ልቃቂት (ረቡዕ፣ ማታ 1፡15)

ቁጭ ብዬ ሳነባችሁ አንድ ነገር ገረመኝ። ሁላችንም "ነካካሁ" ነው የምንለው። ነካካ፣ ፈታታ፣ ገጣጠመ፣ ሞካከረ። አማርኛ ለዚህ ነገር ቃሉን እንዴት እንደሚያንተባትበው አያችሁ? "ሞከርኩ" ካልኩ ተሳካ ወይ ትሉኛላችሁ። "ሞካከርኩ" ካልኩ ማንም አይጠይቀኝም።

እና ልጅ ሆነን የሰማነው ምን ነበር? "አትነካኪ!"

እንቅልፍ_የለሽ (ረቡዕ፣ ማታ 1፡22)

ዛሬ ራሱ ሁለት ጊዜ ብዬዋለሁ። አሁን አሳፈርሽኝ።

ቴስተር (ረቡዕ፣ ማታ 3፡05)

የሳህን ሪፖርት።

ሸክላ አልነካሁም፣ ባለትዳር ነኝ። ጠፍጣፋ የፕላስቲክ ሳህን ወስጄ ጠርዙ ላይ በማርከር ቀይ ነጥብ አደረግኩ። ስልኩን ከመጽሐፍ ጋር አስደግፌ በሰከንድ 240 ምስል በሚይዘው ካሜራ ቀረጽኩ። የመጀመሪያው ውርወራ ከፍሬም ውጭ። ሁለተኛው የመብራት ገመድ መታ። ሦስተኛው ላይ ልጄ ገብታ "እኔም" አለች፣ ስለዚህ ከአራተኛ እስከ አሥራ አንደኛ የእሷ ነው።

አሥራ ሁለተኛው ተያዘ። ምስል በምስል ቆጠርኩ። ቀይዋ ነጥብ 4 ዙር ስትዞር ሳህኑ 8 ጊዜ ገደማ ተንገዳገደ። የግርጌ_ማስታወሻ ልክ ነህ። ፋይንማን፣ አዝናለሁ።

ከዚያ ልጄ ጎድጓዳውን አምጥታ "ይሄስ?" አለች። ጎድጓዳው ሁለት እጥፍ አልሞላም። ለምን?

የግርጌ_ማስታወሻ (ረቡዕ፣ ማታ 3፡18)

ክብደቱ የት እንደተቀመጠ ነው። ቀጭን ጠፍጣፋ ሳህንን እንደ ጎማ ማሽከርከር እንደ ሳንቲም በጠርዙ ከማሽከርከር በትክክል ሁለት እጥፍ ይከብዳል። ሁለቷ ቁጥር ከዚያ ነው የምትመጣው። ጎድጓዳው ወደ ታች ጥልቀት ስላለው ልዩነቱ ይጠባል።

አንተን ተከትዬ እኔም ወረወርኩ። ለሃያ ዓመት በወረቀት ነው የማውቀው፣ ወርውሬ አላውቅም ነበር።

ብሎን_ፈታሁ (ሐሙስ፣ ማታ 2፡50)

የሐዘን መግለጫ። ፒያኖው አረፈ።

ክዳኑን ልገጥም ስል የባትሪውን ሽቦ ገልብጬ በየድኩት። ቺፑ ጋለ፣ ትንሽ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ፣ አለቀ። ሬንጅ ጠብታዋ ላይ ጣቴን ሳሳርፍ አቃጠለችኝ። ድምፁን ሳልቀዳላችሁ ቀረሁ፣ ይቅርታ።

ደስ የሚለው፣ አላዘንኩም። ወንድሜ ነው ያዘነው! "ያቺ ድመትስ?" እያለ ነው። ስፒከሩና ሴንሰሩ ደህና ናቸው፣ ሌላ የሚናገር መጫወቻ ካለ እያደንኩ ነው።

ተግባር_ይቅደም (ሐሙስ፣ ማታ 4፡30)

እንዳትስቁ። የድሮ ማውስ ፈታሁ። ዩኤስቢው እንደተሰካ ነው፣ ጋሽ መነጽር፣ 5 ቮልት ብቻ ነው፣ አጣርቻለሁ።

የምትሽከረከረዋ ጎማ እንደ ብስክሌት ጎማ ክፍት ክፍት ናት። ግራና ቀኟ ሁለት ትንንሽ ነገሮች ቆመዋል። አንዱ እንደ መስታወት ንጹህ ነው፣ አንዱ ጥቁር። ምንድን ናቸው?

ብሎን_ፈታሁ (ሐሙስ፣ ማታ 4፡34)

ንጹሁ ብርሃን ይልካል፣ ጥቁሩ ይቀበላል። ጎማዋ ስትዞር ብርሃኑን ትቆራርጠዋለች፣ ማውሱ እሱን ነው የሚቆጥረው። ብርሃኑ ኢንፍራሬድ ስለሆነ በዓይንህ አታየውም። መብራት አጥፋና በስልክህ የፊት ካሜራ እየው።

ተግባር_ይቅደም (ሐሙስ፣ ማታ 4፡41)

ሐምራዊ ነው!

ተግባር_ይቅደም (ሐሙስ፣ ማታ 4፡52)

የቴሌቪዥኑም ሪሞት እንደዚሁ ነው። የዲሹም። ብልጭ ብልጭ የሚሉበት አኳኋን ግን አንድ አይደለም፣ አንደኛው ቁልፉ እስኪለቀቅ ይደጋግማል። ጎረቤት ሪሞት ልበደር ወጥቻለሁ።